ሻምሲያና የሳርዬት አቀበት

ድንጋይ ቢሆን ኖሮ የአውቶብስ ሾፌሩ ብሩኖ ካስታልዲ ምናልባት በእብጠት ብቻ ይተርፍ ነበር። ከሕንፃው ጣሪያ ላይ የተወረወረው ግን ሽማግሌዎቻችን ከሰዓት በኋላ አሸዋው ላይ የሚጫወቱበት የብረት ኳስ ነው። የአውቶብሱን የፊት መስታወት በርቅሶ ገብቶ የሾፌሩን መንጋጋ ሰበረው። አውቶብሱ ከመንገድ ወጣና የቆሻሻ ገንዳ ገጭቶ ቆመ። የፊተኛው ወንበር ላይ የነበረችው ሻምሲያ ብድግ ብላ ሻሿን ከራሷ ፈታች። ደምና ጥርስ አብሮ ከሚፈስበት አፍ ላይ ሻሹን ደግፋ ይዛ፣

"እንዳትውጠው! ትፋው ብሩኖ! እኔ ላይ ትፋው!" እያለች ትጮህ ነበር።

ከሻምሲያ ጋር የምንተዋወቀው አንድ ደረጃ ስለምንወጣ ነው፤ እሷ ስድስተኛ ፎቅ፣ እኔ አራተኛ። መርከብ ላይ ምግብ የሚያበስል ሰው አግብታ ከኮሞሮስ ወደ ማርሴይ ስትመጣ ገና ልጅ ነበረች። ባሏ ወደቡ ላይ ሰንሰለት ተበጥሶ ጭነት ወደቀበትና ሞተ። ከዚያ ወዲህ የሆስፒታል አንሶላ እያጠበች ሁለት ሴት ልጆች አሳድጋ ድራለች። ቁጡ ናት። በሰው መሳቅ ትወዳለች፣ ሲስቁባት ግን አትወድም። ግራ ጉልበቷ ከታመመ ቆይቷል፤ የእኛ ሰፈር ሳርዬት ደግሞ ኮረብታ አናት ላይ ነው የተተከለው። ከመስኮታችን ባሕሩ እንዳለ ይታያል፤ እዚያ ለመድረስ ግን አውቶብስ ያስፈልጋል።

ካስታልዲ ከተመታ በኋላ ሾፌሮቹ "ከእንግዲህ አንወጣም" አሉ። ማን ይፈርድባቸዋል? የአውቶብስ ድርጅቱም የመስመር ለውጥ አቀረበ። የላይኞቹ ሦስት ፌርማታዎች ይቀራሉ፣ አውቶብሱ ከኮረብታው ግርጌ ካለው አደባባይ ዞሮ ይመለሳል። "ሐሳብ ነው እንጂ ውሳኔ አይደለም፤ ነዋሪው ይምከርበት" ብለው ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጠሩን።

ማዳም ኦበርቲ የምትባል የድርጅቱ ኃላፊ ካርታ ሰቅላ ጠበቀችን።

"ከአደባባዩ እስከ መጨረሻው ሕንፃ በእግር አሥራ ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው" አለች።

"በማን እግር?" አለች ሻምሲያ።

"በአማካይ ሰው እግር፣ እመቤት።"

"እስቲ አማካዩን ሰውዬ ጥሪውና ጉልበቴን ላውሰው!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ከኋላ የተቀመጡት ሾፌሮች ተነሡ። አንዱ፣ "የጓደኛችንን አፍ አፍርሳችሁ ትስቃላችሁ? መጀመሪያ ልጆቻችሁን እሰሩ!" ብሎ ጮኸ። "ማንን ነው እሰሩ የምትለው? አንተ ማን ነህ?" የሚል ከመሃል ተነሣ። የመጀመሪያውን ቡጢ ማን እንደሰነዘረ እስከ ዛሬ እንከራከራለን። ወንበር ከጭንቅላቴ በላይ አልፎ ማዳም ኦበርቲን ቅንድቧ ላይ አገኛትና ካርታዋን ይዛ ወደቀች። ሻምሲያ የአንድ ሾፌር ክራቫት ጠቅልላ ይዛ በሌላ እጇ በጫማዋ ስትነርተው አየኋት፤ ይኸው ሰው የካስታልዲ ወዳጅ መሆኑን በኋላ ሰምታ በጣም አፈረች። ፖሊስ ገብቶ ጭስ ሲለቅብን በአራት እግራችን እየዳህን ወጣን።

እንግዲህ ሁሉም ቀረ ስንል ድርጅቱ ያልጠበቅነውን አመጣ። አውቶብሱ ለአንድ ወር ለሙከራ ይወጣል፤ አንዲት ጭረት ካገኘችው ግን ፌርማታዎቹ ይነሣሉ።

አውቶብሱን የሚጠላው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ፋኢድ ይባላል። ሰፈሩ መግቢያ ላይ ሐሺሽ የሚሸጡት ወጣቶች አለቃ እሱ ነው። ሲቪል የለበሱ ፖሊሶች እንደ ተሳፋሪ በአውቶብስ ወጥተው ሁለት ሰዎቹን ስለወሰዱበት መስመሩ እንዲቀር ፈለገ። ፋኢድ የእኛው ደረጃ ልጅ ነው። እናቱ ሥራ ስትውል ሻምሲያ ቤት ነበር ሩዝና ዓሣ በልቶ የሚውለው። ከሙከራው በፊት በነበረው ቅዳሜ ደረጃው ላይ አገኛት።

"እትዬ ሻምሲያ፣ ምን ያለፋዎታል? ሐኪሞቹ እኮ መራመድ ለጉልበት ጥሩ ነው ይላሉ።"

"ኳሱን ማን ነው የወረወረው?"

"ነፋስ ይሆናላ። የማርሴይ ነፋስ መቼ ይታመናል።"

"ሰኞ አውቶብሱ ይወጣል። እኔ ከፊቱ እሄዳለሁ።"

"እንግዲያው እርስዎንም ነፋስ እንዳይመታዎት" አለና እጇን ስሞ ወረደ።

ሰኞ ጠዋት ሴቶቹ አደባባዩ ላይ ተሰበሰቡ። ብዙዎቹ ለበዓል እንደሚወጡ ሁሉ የኮሞሮስን ቢጫ የሰንደል እንጨት ቅባት ፊታቸውን ተቀብተዋል። አውቶብሱ መጣ፤ ሾፌሩ መሪውን የሙጥኝ ያለ አዲስ ሰው ነው። ሴቶቹ ከፊቱ ተሰልፈው ሽቅብ መራመድ ጀመሩ። እኔና ጥቂት ወንዶች ከኋላ ነበርን፤ "ወንድ ከገባበት ጠብ ይሆናል" ብላ ያስቀረችን ሻምሲያ ናት።

መታጠፊያው ላይ መንገዱ ተዘግቷል። የተቃጠለ ሶፋ፣ ከገበያ አዳራሽ የተሰረቁ የዕቃ ጋሪዎች፣ ከኋላቸው ፋኢድና ሰዎቹ በዱላ። ሻምሲያ አንዱን ጋሪ ይዛ መጎተት ጀመረች። ሌሎቹም ተከተሏት። ከፋኢድ ሰዎች አንዱ የስልሳ ዓመቷን ሩኪያን በጥፊ አላትና አስፋልቱ ላይ ተዘረጋች።

ሻምሲያ ያን ጊዜ ጋሪውን አዞረች። ከነቁጣዋ፣ ከነክብደቷ፣ ሽቅብ እየገፋች ፋኢድ ላይ ነዳችው። ብረቱ ቅልጥሙን ሲመታው የተሰማው ድምፅ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ነው የሚመስለው። ፋኢድ ጮኸ፤ ማክበሩም አብሮ ቀረ።

"አንቺ አሮጊት! አንቺ ውሻ! ምቷት!"

መቷት። የመጀመሪያው ዱላ ትከሻዋ ላይ፣ ሁለተኛው ዓይኗ ላይ አረፈ። ሴቶቹ በጥፍር፣ በጫማ፣ በጃንጥላ ገቡባቸው፤ አንዷ የአንዱን ጆሮ በጥርሷ ይዛ አለቅም ብላ ነበር። እኛም ሮጠን ደረስን፤ እኔ ሁለት ጎድን ተሰብሬያለሁ። በዚህ መሃል የሞተር ድምፅ ሰምቼ ዞር ስል አውቶብሱ የኋሊት ይወርዳል። ሾፌሩ በሩን ዘግቶ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ ቁልቁል ጥሎን ሄደ። በኋላ እንደሰማሁት አውቶብሱን አንዲት ጭረት አላገኘችውም።

ሻምሲያ ግራ ዓይኗ ጠፋ። ድርጅቱም በዚያው ሳምንት ፌርማታዎቹን አነሣ፤ ምክንያቱ "የነዋሪዎች ደኅንነት" ነበር።

ፖሊስ ማን እንደመታት ሲጠይቃት፣ "ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ነበረች፣ አላየሁም" አለች። እኔ ተቆጣኋት።

"እናቱ ጎረቤቴ ናት" አለችኝ። "እሷ እያለቀሰች ደረጃውን እንዴት እወጣለሁ?"

ክረምቱ ገባ፤ ነፋሱ ሰው የሚጥል ሆነ። ሻምሲያ ከስድስተኛ ፎቅ ወርዳ፣ ኮረብታውን በዱላ ተደግፋ ወርዳ፣ አደባባዩ ላይ አውቶብስ ትጠብቃለች። አንድ ቀን ጠዋት ፋኢድ አነከስ አነከስ እያለ መጥቶ ከአጠገቧ ቆመ። ሰላም አላላትም፤ እሷም ፊቷን አዞረች። ሁለት ሰዎች በሞተር ብስክሌት መጡ። የኋለኛው ወረደና ሽጉጥ አውጥቶ ምስማር እንደሚመታ ቷ ቷ አደረገው። ሻምሲያ አግዳሚው ሥር ተኛች። ቀና ስትል ፋኢድ ከእግሯ አጠገብ ሆዱን ይዞ ይንፈራገጣል።

"ልተፋበት ፈልጌ ነበር" አለችኝ። "እውነቴን ነው። አፌ ደርቆ እንጂ።"

ግን ጭንቅላቱን አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገች። "እትዬ፣ እናቴን ጥሪልኝ" አላት። "ትመጣለች፣ ዝም በል፣ ትመጣለች" አለችው፤ እናቱ ያን ጊዜ የከተማው ሌላ ጫፍ ቢሮ እያጸዳች እንደነበረ ታውቃለች። በዚያች ሰዓት አውቶብሱ መጣ። ሾፌሩ ደሙን አየና ሳይቆም አለፈ። ፋኢድ አምቡላንስ ሳይደርስለት ጭኗ ላይ ሞተ።

ገዳዮቹ አልተያዙም። የእሱን ቦታ ሌላ ያዘው፤ አዲሱ አለቃ ከጎረቤት ሰፈር የመጣ ስለሆነ ከእኛ ጋር ሰላምታም የለውም።

በሚቀጥለው መስከረም ድርጅቱ አንድ ትንሽ አውቶብስ መደበልን፤ ግን ከሦስቱ ፌርማታዎች እስከ መጀመሪያው ብቻ ነው የሚደርሰው። ሴቶቹ "እንኳን ደስ አለሽ" ሊሏት መጡ።

"ለአንድ ፌርማታ አንድ ዓይን ከፈልኩ" አለች ሻይ እየቀዳች። "ለሁለቱ ደግሞ ሌላ ሰው ይክፈል፤ እኔ የቀረኝን ለልጅ ልጆቼ ነው የምፈልገው።"

ሻይውን ሩኪያ ብርጭቆ ውስጥ ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ ስትቀዳ ያየናት ያን ጊዜ ነው። በአንድ ዓይኗ ርቀት መለየት አቅቷታል። ሩኪያ ጨርቅ አምጥታ ጠረገችው።