የዘለልኩት ምዕራፍ

ቦንጋ በገባሁ በሦስተኛው ዓመት ነው። ነርሶች በሚሠለጥኑበት አንድ ኮሌጅ ሥነ ምግብ አስተምር ነበር። ትምህርቱን በዲግሪ የተማርኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ሞጁሉን የማዘጋጀውም፣ ፈተናውን የማወጣውም፣ ጊዜ ሲያጥር የትኛው ምዕራፍ እንደሚቀር የምወስነውም እኔው ነበርኩ። የሚቀሩት ሁልጊዜ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው። አንደኛው ስለ ስፖርተኞች አመጋገብ ነው። ሌላው ምግብ እያለ ራሳቸውን ስለሚያስርቡ፣ ከበሉም በኋላ ሆን ብለው ስለሚያስመልሱ ሰዎች ነው። ተማሪዎቼ ተመርቀው ጤና ጣቢያ ሲገቡ የሚጠብቃቸው በምግብ እጥረት እግሩ ያበጠ ሕፃን ስለሆነ፣ ጊዜያችንን ሁሉ እሱ ላይ ብናጠፋ ምንም አልቆረቆረኝም።

«ይሄ ጠግበው የሚያድሩ አገሮች በሽታ ነው» አልኳቸው የመጨረሻውን ርዕስ አንብቤ ገጾቹን እየገለበጥኩ። «እኛ ጋ የለም።»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ከክፍል ስወጣ አንዲት ተማሪ ተከተለችኝ። ከዋጫ አካባቢ የመጣች፣ ዞኑን ወክላ አምስት ሺህ ሜትር የምትሮጥ ዝምተኛ ልጅ ናት።

«ቲቸር፣ ያ የዘለልነው ፈተና ላይ ይመጣል?»

«አይመጣም።»

«ኮፒውን ቢሰጡኝስ? እንዲሁ ለማንበብ ነው።»

«ምን ያደርግልሻል? ይልቅ የሕፃናት ክንድ ልኬቱን ተለማመጂ፤ ባለፈው ተሳስተሻል።»

«እሺ ቲቸር» ብላ ሄደች። ሁለተኛ አልጠየቀችኝም።

ከዚያ ወር ሳይሞላ የዞኑን ሯጮች የሚያሠለጥነው ሰው ቢሮዬ መጣ። «ልጆቹ ያገኙትን ነው የሚበሉት። እርስዎ ባለሙያ ነዎት፤ አንድ ምክር ይስጡልን» አለኝ። ባለሙያ መባሌ ደስ አለኝ። የስፖርተኞቹን ምዕራፍ እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ ለፈተና በጥድፊያ ካነበብኩት ወዲህ ገልጬው አላውቅም ነበር። ሜዳው ላይ፣ ካፊያ እየመታን፣ ሃያ ለሚሆኑ ወጣቶች ቅባት ቀንሱ፣ ስኳር ቀንሱ፣ ትርፍ ክብደት እግር ይይዛል እያልኩ ግማሽ ሰዓት ያህል ተናገርኩ። መጨረሻ ላይ ዓይኔ ኮፒውን የጠየቀችኝ ቀጭኗ ልጅ ላይ አረፈ።

«እሷን ተመልከቱ» አልኩ። «ዲሲፕሊን ማለት እንዲህ ነው።»

አጨበጨቡላት። እሷ አቀርቅራ ሣሩን ታይ ነበር። ያፈረች መሰለኝ።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ልምምድ ላይ ሳለች የቅልጥሟ አጥንት ተሰበረ። አልወደቀችም፤ ማንም አልመታትም። እየሮጠች ነው የተሰበረው። አባቷ መጥቶ እግሯ በጄሶ እንደታሸገ ወደ ቤት ወሰዳት፤ እሷም ትምህርቷን ለማቋረጥ የዊዝድሮው ፎርም ሞላች። በማግስቱ የዶርም ጓደኛዋ ቢሮዬ ገብታ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።

«ቲቸር፣ ለሰው እንዳትነግሪ ብላኝ ነው እንጂ...» አለችና እጇን ማፍተልተል ጀመረች። «ምሳዋን የምትሰጠው ለእኔ ነው። ጾም ነኝ ትላለች፤ እኔም ጾመኛ ናት ብዬ አደንቃታለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ብዙ ትበላና ሽንት ቤት ገብታ ጣቷን ጉሮሮዋ ውስጥ ትከታለች። የወር አበባዋም ከቀረ ዓመት አልፎታል።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቆይቷል። ግን እርስዎ ሜዳ ላይ ካመሰገኗት ወዲህ እራቷንም ተወች።»

ልጅቷ ስትወጣ ሞጁሉን ከመደርደሪያው አወረድኩና የዘለልኩትን ምዕራፍ እንደቆምኩ አነበብኩት። ሁሉም እዚያ ነበር፤ የወር አበባው መቅረት፣ የአጥንቱ መሳሳት፣ ምግብ ለሰው ማደሉ፣ በጾም ማሳበቡ ሳይቀር። ቢበዛ የሁለት ክፍለ ጊዜ ትምህርት ነው።

ቅዳሜ በጠዋት በአውቶብስ ወደ ዋጫ ሄድኩ። አውቶብሱ ሺሺንዳ ሰው ሊጭን ሲቆም ሙዝ ገዛሁ። ከገዛሁት በኋላ፣ ለእንዲህ ዓይነት ታማሚ ምግብ ይዞ መሄድ ደግ ይሁን ክፉ እንደማላውቅ ገባኝ። ያነበብኩት ይህን አይልም። ባዶ እጄን መግባት ስላሳፈረኝ ያዝኩት።

ቤታቸው ስደርስ በሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ፊቷ ላይ ጥርስና ዓይን ብቻ ቀርቷል። እንዲህ ሆና ሜዳው ላይ እንዴት ሳላያት ቀረሁ እላለሁ እስከ ዛሬ። እናትዬው አማርኛ ስለማይችሉ በካፊኖኖ ይጠይቁኛል፤ ልጅቷ ቀና ሳትል ትተረጉማለች።

«የበሽታው ስም ማን ይባላል ትላለች።»

«ከምግብ ጋር የተያያዘ ሕመም ነው፤ ይድናል በያት።»

በአጭሩ ነገረቻቸው። እናትዬው ረዘም አድርገው መለሱ።

«ቤታችን ምግብ አልጠፋ፣ ማን ከለከላት ትላለች» አለችኝ። ከዚያ የራሷን ጨመረች። «እኔም ቲቸር፣ እንዲህ የሚያደርገኝ እኔን ብቻ መስሎኝ ነበር። የምዕራፉን ርዕስ ስሰማ ሌላም ሰው አለ ማለት ነው ብዬ ነው ኮፒውን የጠየቅኩት። እርስዎ ግን የለም ሲሉ...»

አልጨረሰችውም። እናትዬው ምን እንዳለች ጠየቋት፤ አልተረጎመችላቸውም።

ያኔ ተሳስቻለሁ ማለት ነበረብኝ። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እኔ ግን ወረቀት አውጥቼ የምግብ ፕሮግራም ጻፍኩላት፤ ጠዋት እንቁላልና ወተት፣ ረፋድ ላይ አቮካዶ፣ ምሳ ቆጮ በቅቤ፣ እያልኩ እስከ እራት። በሁለት እጇ ተቀብላ አመሰገነችኝ። የምዕራፉን ኮፒም ይዤላት ሄጄ ነበር። አሁን መስጠቱ ስድብ መሰለኝና ከቦርሳዬ ሳላወጣው ተመለስኩ።

ወደ ኮሌጁ አልተመለሰችም። እኔ በሚቀጥለው ዓመት ሁለቱንም ምዕራፎች አስተማርኩ፤ ለምን እንደጨመርኳቸው ግን ለማንም አልተናገርኩም።

ቦንጋን ከለቀቅሁ ከዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ለሥነ ምግብ ባለሙያዎች ሥልጠና ተዘጋጅቶ ተጠራሁ። ርዕሱ እሱው ነበር፤ የስፖርተኞች አመጋገብና ከምግብ ጋር የተያያዙ የአእምሮ ሕመሞች። አሠልጣኟ ከመካከላችን እንዲህ ዓይነት ሰው ያጋጠመው እንዳለ ጠየቀች። ከኋላ አንዱ «እኛ አገር እንኳ የለም» አለ፤ ጥቂቶች ሳቁ። አልሳቅሁም። እጄንም ግን አላወጣሁም። አሠልጣኟ ትንሽ ጠብቃ ወደሚቀጥለው ስላይድ አለፈች።

በሻይ ሰዓት ከዋጫ ጤና ጣቢያ የመጣ አንድ ባለሙያ አጠገቤ ቆመ። ከወሬ ወሬ ስለ ልጅቷ አነሳሁ፤ ያውቃታል። አግብታለች፣ ልብስ ስፌት ትሠራለች፣ ብርድ ሲሆን ትንሽ ታነክሳለች አለኝ። ትበላለች ወይ ብዬ ልጠይቀው ፈለግሁ። አስፋልቱ ዋጫ ደርሷል ወይ ብዬ ጠየቅሁት።