«ዘፋኝ ነበርኩ» በይ

ጃዝ እጫወታለሁ ስል የሚዛን ከተማ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ከኋላዬ ነበር፤ ውሻ አስከትዬ እንደሆነ። «ጃስ» የሚባለው ውሻ ሰው ላይ ሲለቀቅ ነዋ። «ዝ»ን ከ«ስ» የሚለይ ጆሮ ከሌለ ደግሞ ስለ ሙዚቃ ማስረዳት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

አዲስ አበባ ሙዚቃ ተምሬ፣ ኬክ ለሚበሉ ሰዎች ጥቂት ዓመት ፒያኖ ስጫወትና ስዘፍን ኖሬ፣ አባቴ ሞቶ እናቴ ብቻዋን ስትቀር ተመለስኩ። በዚያው ሰሞን በቡናና በኮረሪማ የከበረ ነጋዴ ከተማው መሀል ሆቴል ሠርቶ ነበር። ሰውየው ሙዚቃን የሚመዝነው በጩኸቱ ነው። አዲስ አበባ ካደረበት ሆቴል ፒያኖ አይቶ ስለነበር ግን የግድ ለእኔም ይኑረኝ አለ። ቴፒ አጠገብ አንድ የውጭ አገር ሰው እርሻውን ጥሎ ሲሄድ ቤቱ ውስጥ የተወው ፒያኖ ነበርና፣ ከቡና ጆንያ ጋር በአይሱዙ አስጫነው። ሲደርስ ጎኑ ተልጦ፣ አንድ እግሩ በገመድ ታስሮ ነበር። የሚጫወትበት ሰው ሲያፈላልግ እኔን አገኘና ቀጠረኝ።

ሰሌዳ ጻፊው በቀይ ቀለም «ዘወትር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጃስ» ብሎ ጻፈ። ይታረም አልኩ።

«ምን ለውጥ አለው?» አለኝ ባለሆቴሉ። «ሰው ከመጣ በቃ።»

እውነቱን ነው፣ መጣ። ቡና ነጋዴዎቹ ፊት ለፊት ተኮልኩለው ቢራቸውን ይዘው ያፈጡብኛል። ግማሽ ሰዓት ያህል ከተጫወትኩ በኋላ አንዱ ጠጋ ብሎ፣ በጣም በትሕትና፣ «እህት፣ መቼ ነው የሚጀመረው?» አለኝ። ከዩኒቨርሲቲው የሚመጡት መምህራን ይብሱ ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የገባው ሰው መስለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ የሚነቀንቁት ግን ከምቱ ውጪ ነው። አላዋቂነቱን የማይደብቀውን ነጋዴ ከእነሱ አስበልጬ ወደድኩት።

ሁሉንም ንቄአቸው ነበር፤ አልደብቅም። ንቀቴ የሚለቀኝ ፒያኖው ፊት ስቀመጥ ብቻ ነው። በሚዛን ዝናብ እንጨቱ አብጦ፣ ግማሹ ቁልፍ አንዴ ከተጫኑት አይነሳም። እያንዳንዱን በጣቴ ቀስቅሼ፣ አቧራውን ጠርጌ፣ ክረምት ሲበረታ አጠገቡ የከሰል ምድጃ አስቀምጬ አሞቀው ነበር። ከማጂ እስከ ቴፒ ሌላ ፒያኖ ስለመኖሩ ሰምቼ አላውቅም። እሱን ካጣሁ የተማርኩት ሁሉ ጣቴ ላይ እንደሚሞት አውቅ ነበር።

ከዚያ ባለሆቴሉ በጠና ታመመ፣ ተጸለየለት፣ ተነሣ። ሲነሣ ሌላ ሰው ሆነ። ቢራውን ከሆቴሉ አስወጣ፣ ቅዳሜዬን ሰረዘ፣ ፒያኖውን እናቴ ለምትሄድበት፣ እኔም በልጅነቴ ኦርጋን ለተማርኩበት ቤተ ክርስቲያን በስጦታ ሰጠ። እኔን የጠየቀኝ የለም። ወንበር እንኳ ሲሸጥ የተቀመጠውን ሰው ያስነሡታል።

የቤተ ክርስቲያኑ መጋቢ ቢሮው አስጠራኝ። ፊቱ በደግነት በርቷል።

«እህቴ፣ ፒያኖው ያንቺው ነው። እሑድ ጉባኤው ፊት ቆመሽ ትመሰክሪያለሽ፤ ‹ዘፋኝ ነበርኩ፣ ጌታ መለሰኝ› ማለት ብቻ ነው። ከዚያ ዘማሪ ነሽ።»

ብቻ! በእኛ አነጋገር ለእግዚአብሔር ሲሆን ዝማሬ፣ ለሰው ሲሆን ዘፈን ነው፤ ዘፋኝ ማለት ደግሞ በእናቴ ሰፈር ከሰካራም ቀጥሎ የሚነሣ ስም ነው። ለስሙስ ግድ አልነበረኝም። አልወጣ ያለችኝ «ነበርኩ» የምትለዋ ቃል ናት።

እሑድ እናቴ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣለች፣ አዲስ ነጠላ ለብሳ። አዲስ አበባ ከሄድኩ ጀምሮ ስትጸልይ የኖረችው ለዚህ ቀን ነው፤ ለጎረቤቱም ሁሉ ነግራለች። ለሷ ስል ልለው ነበር። እውነቴን ነው፣ አፌን የከፈትኩት ልለው ነው።

«ዘፋኝ ነኝ» አልኩ።

ግማሹ ጉባኤ «ሃሌ ሉያ!» ብሎ ጮኸ። የመጡት ለመጮህ እንጂ ለመስማት አልነበረማ። መጋቢው ሰምቶ ኖሮ ማይክራፎኑን ተቀበለኝ። እናቴም ሰምታለች፤ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

ከዚያ በኋላ ፒያኖው ተቆለፈ። ላስቲክ አልብሰው የወረቀት አበባ አስቀመጡበት፤ መዘምራኑ ከበሮውን ራሱ በሚመታው ኦርጋን ቀጠሉ። ቤት ውስጥ እናቴ ከእግዜር ሰላምታ ሌላ ቃል አታወጣልኝም። እሷን መናቅ አልቻልኩም፤ ያ ነው ያቃጠለኝ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ቤተ ክርስቲያኑን ለመጥረግ ተራዋ ደርሶ፣ «ነይ፣ ወንበር ታነሽልኛለሽ» አለችኝ። ተከተልኳት። ወንበር ግን አላስነሣችኝም። አበባውን አነሣች፣ ላስቲኩን ገፈፈች፣ ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን የፒያኖውን መክፈቻ ፈትታ ከፈተችው።

«መጋቢው ሸዋ ቤንች ሄዷል» አለች። «ለምሳ ነው የሚመለሰው።»

«ምን ልዘምርልሽ፣ እማ?»

«መዝሙርማ ሰምቻለሁ። ዝፈኚ፤ ያዋረድሽኝ ለምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ልወቀው።»

 ተቀመጥኩና ከሁሉ የምወደውን፣ ቀስ ብሎ የሚሄደውን ዘፈን ዘፈንኩላት፤ የማይነሣውን ቁልፍ እየዘለልኩ። እሷ መጥረጊያዋን ጭኗ ላይ አጋድማ አንዴም ሳታቋርጠኝ ሰማች።

ስጨርስ፣ «ኃጢአት ነው» አለች፣ ዓይኗን ከፒያኖው ሳትነቅል። «ድገሚው።»