ከናዳው የተረፉት አራት ልጆች

አራቱን ልጆች መጀመሪያ ያየኋቸው እናታቸውን ከጭቃ ውስጥ ስንፈልግ ነው።

ጂንካ ከመጣሁ ሰባተኛ ዓመቴ ነበር። ከወላይታ ስነሳ የያዝኩት አንድ መጋዝና አንድ መላጊያ ነው። ከአውሮፕላን ሜዳው ዝቅ ብላ ያለች አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ ፊት ለፊቷ በርና መስኮት፣ አልጋና ወንበር እየሠራሁ፣ ውስጧ ከሚስቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር እኖር ነበር። በቤተ ክርስቲያናችንም እንደኔ ከሌላ አገር መጥቶ በእጁ ሥራ የሚያድር ሰው ይበዛል፤ ግንበኛው፣ የቀን ሠራተኛው፣ ልብስ ሰፊው፣ ጨው ቸርቻሪው።

በዚያ ዓመት የበልጉ ዝናብ አላባራ አለ። አንድ ቀን ጠዋት፣ ከከተማው በላይ፣ ከአሪ ሰዎች ደጋ፣ ኮረብታ ተንዶ ሦስት ቤት ከነሰዉ ዋጠ የሚል ወሬ ወረደ። አካፋና ዶማ ይዘን አሥር የምንሆን ወንዶች በመኪና ወጣን። መኪናው ጭቃ ይዞት ሲቆም የቀረውን በእግራችን ሄድን። ስንደርስ የኮረብታው አንድ ጎን ቆዳው እንደተገፈፈ ከብት ቀልቶ ይታያል። ቤት የሚባል ነገር የለም። እንሰቱ ሥሩን ወደ ላይ አዙሮ ተኝቷል።

ሁለት ቀን ቆፈርን። ጭቃው ያወጣነውን ያህል መልሶ ይሞላል። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት እናትየውን አገኘናት፤ ጡት የሚጠባው ሕፃን አብሯት ነበር። አባትየው አልተገኘም። ልጆቹ የተረፉት ማዶ ያለው አጎታቸው ቤት ሄደው ስለነበር ነው። ትልቋ አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ሁለት ወንድሞቿ አጠገቧ ቆመዋል፤ የሦስት ዓመት እህቷን አዝላለች። ስንቆፍር አንድ ጊዜም አልጮኸችም። የምታየው አካፋዬን ነበር። እሷ እያየችኝ እጄን ማሳረፍ ከበደኝ፤ ብቆፍርም የማመጣላት ነገር እንደሌለ አውቅ ነበር።

አጎታቸው የራሱ ማሳ በናዳው ተበልቶበት፣ የራሱን ልጆች የሚያበላው አጥቶ ነበር። ስለዚህ አራቱን ይዘን ወረድን።

እሑድ መጋቢያችን መድረክ ላይ አቆማቸው። እንደዚያ ቀን የተለቀሰበት ጉባኤ አላስታውስም። ሰው እየተነሳ ቃል ገባ። አንዱ በየወሩ በቆሎ፣ ሌላው ደብተርና እስክሪብቶ፣ ልብስ ሰፊው የአራቱን የትምህርት ቤት ዩኒፎርም። ምንም የሌላት አንዲት እንጨት ለቃሚ እናት፣ ልብሳቸውን እኔ አጥባለሁ አለች። እኔ አልጋ ልሠራ ቃል ገባሁ። መጨረሻ ላይ መጋቢው ትልቋን፣ የምትፈልጊው ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቃት። አማርኛዋ ገና ስብርብር ነበር።

«አራት ነን። አንድ ላይ አርጉን» አለች።

ጉባኤው ሁሉ «አሜን» አለ። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር ያልኩት።

ከጸሎት ቤቱ በስተጀርባ የመዘምራን ልብስ የሚቀመጥበትን ክፍል ለቀን ሰጠናቸው። አራቱንም የሚያስተኛ ሰፊ አልጋ ሠራሁ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ወራት ክፍሏ ከተሰጣት ነገር ብዛት መቆሚያ አልነበራትም። ትልቋ ጠዋት ወንድሞቿን አጥባ ትምህርት ቤት ትልካለች፣ ከሰዓት ትንሿን አዝላ ራሷ ትማራለች። ሥራዬን ስጨርስ ጎራ እል ነበር። የአውራ ጣቴን ጠባሳ እያየች እንዴት እንደቆሰልኩ ጠየቀችኝ፤ መጋዝ ነው አልኳት። ቆይታ፣ አባቷም እንደዚያ ያለ ጠባሳ እንደነበረው ነገረችኝ። ስለ አባቷ ስታወራ የሰማኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚያ ነገሩ እየሳሳ ሄደ። ሰዉ ከፍቶ አልነበረም። ግንባታው ሲቀዘቅዝ ግንበኞቹ ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ ከተማ ሄዱ። በቆሎ ተወደደ፤ ቃል የገባው ሰው ራሱ ከጎረቤት እየተበደረ ማደር ጀመረ። በየወሩ ማስታወቂያ ስንናገር ሰዉ አንገቱን ይደፋ ነበር። በመጨረሻ ለመናገር እኛው አፈርን። ያች እንጨት ለቃሚ እናት ብቻ ልብሳቸውን ማጠቡን አላቋረጠችም። በዓመቱ ክረምቱ ሲገባ የክፍሏ ጣራ ማፍሰስ ጀመረ። ትንሿን ወባ ይዟት ለጥቂት ተረፈች።

ሦስት ሆነን የልጆቹ ኮሚቴ ነበርን፤ አንድ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ሽማግሌ፣ የመዘምራን ኃላፊውና እኔ። ሽማግሌው አንድ ቀን ጠርተውን መፍትሔ ተገኝቷል አሉ። አልዱባ የሚነግዱ ልጅ ያልወለዱ ባልና ሚስት ትንሿን እንደ ልጃቸው ሊያሳድጉ ይፈልጋሉ። ወደ ሃና ከተማ የተዛወረ አንድ መምህር ታናሹን ወንድ ይዞ ሊሄድ ፈቃደኛ ነው። አጎትየው ደግሞ ማሳውን መልሶ ማቅናት ስለጀመረ ትልቁ ወንድ ቢያግዘው ደስ ይለዋል። ትልቋስ? አልኩ። ሽማግሌው ወደ እኔ አዩ። ሦስታችንም እጃችንን አነሳን።

ማታ ትልቋ ወደ እኛ እንደምትመጣ ለሚስቴ ነገርኳት። ከዚያ «ትንሿንም አብረን ብንወስዳትስ?» አለችኝ። ክፍላችንን ዞር ብዬ አየሁ። ልጆቻችን የሚተኙት መሬት ላይ ነው። የት እናስተኛታለን? አልኳት። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው መልስ የሌለው ጥያቄ አልነበረም። ሰው በአንዲት ክፍል ስምንትም ሆኖ ይኖራል።

ትልቋ ትወድሃለችና አንተ ንገራት ተባልኩ። ነገርኳት። የትንሿን ፀጉር እየጎነጎነች ነበር፤ እጇ ቆመ።

«ጋሼ፣ አሜን ያላችሁት ምንድነው?» አለችኝ።

ለልጆቹ የሚሻል መሆኑን፣ ትንሿ ወተት እንደምትጠጣ፣ ወንድሟ መምህር ቤት ሆኖ እንደሚማር እየደጋገምኩ ነገርኳት። ሰማችኝ። ከዚያ ጉንጉኑን ቀጠለች።

የተለያዩበት ቀን ለቅሶ አልነበረም። መምህሩ ለታናሹ ወንድ አዲስ ጫማ ገዝቶለት ነበር፤ ጫማውን እያየ መኪና ላይ ወጣ። ትልቁ ከአጎቱ ጋር በእግሩ ሄደ። ትንሿን ነጋዴዋ ሴት በነጠላዋ ጠቅልላ ስትይዛት ልጅቷ ተኝታ ነበር፤ ሆን ብለው ነው ያስተኟት። ትልቋ የትንሿን ካልሲ ሰብስባ አቀበለችና ከኔ ጋር ወደ ቤት መጣች።

ወር በሞላ ቁጥር የአልዱባ ገበያ ቀን ትምህርት ቀርታ በጭነት መኪና እየተሳፈረች እህቷን ልታይ ትሄድ ጀመር። ሹፌሮቹ አወቋት፤ ያለ ሒሳብ ይወስዷታል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሽማግሌው መልእክት አመጡልኝ። ትልቋ መጥታ በሄደች ቁጥር ሕፃኗ እያለቀሰች እህል አልበላ ስለምትል፣ ባልና ሚስቱ ለጊዜው ብትቀር ይሻላል ብለዋል አሉኝ። እንድነግራት ነበር። አልነገርኳትም። በሚቀጥለው የገበያ ቀን አብሬያት ሄድኩ።

ሴትየዋ በአክብሮት ነው የተቀበለችን። ውኃ ሰጠችን፣ ልጅቷን አወጣችልን። ልጅቷ ወፍራለች፣ ቀሚሷ ንጹሕ ነው፣ ጆሮዋ ተበስቷል። ትልቋ ቁጢጥ ብላ በአሪኛ ተናገረቻት። ደገመችላት። ትንሿ ሴትየዋን ቀና ብላ አየችና በአማርኛ «ምን አለች?» አለቻት።

ሴትየዋ ደነገጠች። «ወንድሜ፣ እኔ አልከለከልኳትም እኮ፤ እዚህ የሚያናግራት ሰው ስለሌለ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ክፉ ሰው ብትሆን ይሻለኝ ነበር፤ የምቆጣው ሰው አገኝ ነበር።

ስንመለስ የጭነት መኪናው ላይ ከማሽላ ጆንያ ጋር ተቀምጠን ብዙ መንገድ ሄድን። «እህቴ ረሳኝ» አለች፤ ያኔም ወንድና ሴት ታምታታ ነበር። ልጅ ናት፣ ስታድግ ታስታውሳለች አልኳት። ከዚያ ቀን በኋላ አልዱባ ሄዳ አታውቅም። ሽማግሌው መልእክቱን አደረስክ ወይ ሲሉኝ፣ አዎ አልኳቸው።

እኛ ቤት አራት ዓመት ኖረች። ከልጆቼ ጋር መሬት ላይ ተኛች፣ ሚስቴን አገዘች፣ ስምንተኛ ክፍል ደርሳ አቆመች። አንድ የአሪ ልጅ አግብታ ወደ ደጋው ተመለሰች፤ ናዳው ካለበት ቦታ ሩቅ አይደለም። ትልቁ ወንድሟ ገበሬ ሆኖ እዚያው አለ። ሃና የሄደው ታናሽ ወንድሟ፣ መምህሩ ሌላ ቦታ ሲዛወር አብሮት ሄዶ ነበር፤ አሁን ሹፌር ነው ይባላል፤ ዓመት በዓል ሲሆን አንዳንዴ ይደውልላታል። አልዱባ የነበሩት ባልና ሚስት ግን ሱቃቸውን ዘግተው፣ ትንሿን ይዘው ሄዱ፤ አንዱ ወደ አርባ ምንጭ ነው ይላል፣ ሌላው ወደ ሶዶ።

አምና ትልቋ ከባሏ ጋር ሥራ ቦታዬ መጣች። ቆርቆሮ ቤት እየሠሩ ነበርና የበር ልኬት ይዘው ነው የመጡት። አንድ ልጅ አዝላለች፣ ሁለት ይከተሏታል። ሚስቴን ሳመች፣ ስለ ልጆቼ ጠየቀች። ሳቂታ ሴት ሆናለች። ባሏ እንጨት ሲመርጥ እኔ አጠገብ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ የትንሿ ስልክ ቁጥር አለህ?» አለችኝ። «አንተ ታውቃለህ ብዬ ነው።»

የለኝም፣ ግን እጠይቃለሁ አልኳት። ቂም የለባትም፤ ወይም ፊቷ ላይ እኔ የማነበው አልነበረም። ጠየቅኩ። ሽማግሌው ዐርፈዋል። መጋቢው ሌላ አጥቢያ ሄዷል፤ በስልክ አግኝቼው ልጆቹን ለማስታወስ ጊዜ ወሰደበት። ሶዶ ያለ ዘመዴ ገበያውን ሁሉ ዞረልኝ። ከአንድ ነጋዴ ያገኘው ቁጥር ሲደወል ሌላ ሰው ያነሳዋል። ልጅቷ ዛሬ ትልቅ ሴት ናት፤ ስሟንም ቀይረውላት ይሆናል፤ ናዳ የሚባል ነገር እንደነበር የነገራት ሰው መኖሩንም አላውቅም።

በሩን ጨረስኩ። ሊወስደው የመጣው ባሏ ብቻውን ነበር። ባጃጅ ላይ አጋድመን ስናስረው፣ ስለዚያ ነገር ጠይቅ ብላኛለች አለኝ። እየፈለግኩ ነው በላት አልኩት። ገመዱን አጥብቆ ሄደ። የምፈልግበት ቦታ ግን አልቀረኝም ነበር።