የተያዘ ስም

ወደ ካናዳ በተነሣሁባት ማታ ቤቴ የነበሩት እነዚህ ናቸው። እህቴ በለጥሻቸው ከበሩ አጠገብ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጣለች፤ ካልተቀመጡበት አይዘጋም ነበር። የንስሐ አባቴ ከመስኮቱ ሥር መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። ጎረቤቴ ሻለቃ ታደሰ ደጅ ላይ የታክሲውን በር ይዞ ሾፌሩን ያባብላል። እኔ መሃል ወለሉ ላይ ሁለት ሹራብ ደርቤ ቆሜ አልቦኛል። ልጄ ምትኩ ግድግዳው ላይ ነበር፤ የትምህርት ቤት ልብሱን ለብሶ፣ በፎቶግራፍ።

«ምትኩን ሳሚልኝ» አለች በለጥሻቸው። «ሚስት አግብቶ ደብቆን ነው እንጂ፣ በዚህ ዕድሜው ብቻውን አይኖርም።»

አባ ደግሞ «ሁለቱን ወስዶ አንዱን ያስቀረልሽ አምላክ ካሳሽን ሊያሳይሽ ነው» አሉኝ።

ስለ ሁለቱ ልንገራችሁ፤ ያለዚያ የቀረው አይገባም። ከምትኩ በፊት ሁለት ወንዶች ወልጄ ሁለቱም ክርስትና ሳይነሡ ሞቱብኝ። ሾተላይ አለባት ተባልኩ። ሦስተኛው ሲወለድ እናቴ ሴቶቹን አስጠነቀቀቻቸውና እልልታው ለወንድ እንደሚባለው ሰባት ሳይሆን ለሴት እንደሚባለው ሦስት ሆነ። «ምን ተገላገልሽ?» ላለኝ ሁሉ «ሴት» አልኩ። ጆሮውን በሳሁት፣ ጸጉሩን ሹሩባ ሠራሁት፣ ቀሚስ አለበስኩት፣ ስንዱ ብዬ ጠራሁት። ሞት ወንዱን ሊወስድ ቢመጣ ሴት አግኝቶ እንዲመለስ ነው። በእኛ ዘመን እንዲህ ያደረገች እናት እኔ ብቻ አልነበርኩም። ትምህርት ቤት የሚገባበት ጊዜ ሲደርስ ተላጨ፣ ሱሪ ለበሰ፣ አባቱ ያወጣለት ምትኩ የሚለው ስም ተነገረ። «ስንዱ የት ሄደች?» እያለ አለቀሰ። ሳቅንበት።

ኋላ በሱዳን አድርጎ ወጣ። ካልጋሪ የምትባል ከተማ ገባ፣ ዳቦ ፋብሪካ ተቀጠረ፣ መንግሥት ከተለወጠ በኋላ እኔን ስፖንሰር አደረገኝ። በስልክ ፎቶግራፍ ላክልኝ ስለው «ብርዱ ፊቴን አበላሽቶታል» ይለኝ ነበር።

ካልጋሪ ስደርስ የኢሚግሬሽኑ ሰውዬ አስተርጓሚ አቁሞ ጠየቀኝ።

«ማን ይቀበልዎታል?»

«ወንድ ልጄ።»

«ምን ይሠራል?»

«ዳቦ ይጋግራል።»

«ካናዳ ምን ሊሠሩ መጡ?»

«ልበላለት።»

አስተርጓሚዋ ሳቋን ዋጠች፤ ምን ብላ እንደነገረችው አላውቅም፣ ማኅተሙን መታልኝ።

ውጭ አንዲት ረዥም ሴት ቡናማ ካፖርት ለብሳ ቆማለች። ጆሮዋ ላይ ትንንሽ ጉትቻ አለ። አይታኝ አለቀሰች። በለጥሻቸው እውነቷን ነው፣ አግብቷል ማለት ነው ብዬ አቀፍኳት፣ ጉንጯን አገላብጬ ሳምኳት፣ «እሱስ?» አልኳት።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ» አለችኝ።

እዚህ ድረስ «እሱ» ብዬ የጻፍኩት ያን ጊዜ የማውቀው እንዲያ ስለነበር ነው። ነገሩን የምጠራበት ቃል ስድብ ያልሆነ አላውቅም፤ ስለዚህ አልጠራውም። በመጀመሪያ ያደረግኩትን ግን አልደብቅም። ዙሪያዬን ቃኘሁ፤ ሐበሻ መኖር አለመኖሩን። ልጄ ዓይኔ የሄደበትን አየች። ሻንጣዬን አንስታ ከፊት ከፊቴ ሄደች።

ቴምፕል በሚባል ሰፈር ቤዝመንት ውስጥ ነው የምትኖረው። መስኮቱ ከመሬት እኩል ነው፤ ሰው ሲያልፍ ጫማውን ብቻ አያለሁ። እዚህ ፀሐዩ ፏ ብሎ ይወጣል እንጂ አይሞቅም። በክረምት መሃል ደግሞ ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ከተራራው ይመጣና በረዶውን በአንድ ቀን አቅልጦ ራስ ያሳምማል፤ በማግስቱ እንደገና ይበርዳል። ዳቦው እንደ ጥጥ ነው፤ አፍ ውስጥ ይጠፋል። የእኛን ድፎ ሳስብ ምራቄን እውጣለሁ፤ የሷን ግን ምንም ጣዕም ባይኖረው በልቻለሁ። ከሺፍት ስትመለስ ሞቅ ያለውን ነው የምታመጣልኝ።

በስም ግን አልጠራኋትም። «ልጄ» እላለሁ። ከሌላ ክፍል ስፈልጋት ተነሥቼ እሄዳለሁ እንጂ አልጣራም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከኋላ ቆሜ ሰው ሳይጨብጠኝ እወጣለሁ። በለጥሻቸው ደውላ «አገባ ወይ?» ስትለኝ «ደህና ነው» እላታለሁ።

የቤቱ ባለቤት ኤርድሪ በምትባል አጎራባች ከተማ የሚኖር ጌሪ የሚባል ሽማግሌ ነው። ማሞቂያው ተበላሽቶ ሲመጣ እኔን አየ፣ እሷን አየ፣ ግራ ገባው። ኋላ እንደተረጎመችልኝ የተባባሉት ይህ ነው።

«እኔ ያከራየሁት ለአንድ ሰውዬ ነው። የት ሄደ?»

«ሄደ።»

«መቼ ይመለሳል?»

«የሚመለስ አይመስለኝም።»

«ሬንቱስ?»

«እኔ እከፍላለሁ።»

ጌሪ ትንሽ አሰበ። «ለነገሩ አኩራፊ ነበር። ጉድ ሞርኒንግ ብለው አይመልስልኝም። አንቺ ትሻያለሽ» ብሎ ማሞቂያውን ሊጠግን ገባ።

ይህን ስትነግረኝ ሳቄ አመለጠኝ። ከመጣሁ ወዲህ መጀመሪያ አብረን የሳቅነው ያኔ ነው። ማታ ስተኛ ግን አፈርኩ፤ ጌሪ እንኳን የጠየቃትን እኔ አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

ቺኑክ በነፈሰበት አንድ ቅዳሜ ሻይ ቀድታልኝ ከፊቴ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ወረቀቴን ላስለውጥ ነው። አዲስ ስም ያስፈልገኛል።»

ሻዩን በማንኪያ አማሰልኩ።

«ሥራ ቦታ ሊንዳ በይ፣ ክሪስቲን በይ ይሉኛል። ሰው ለራሱ ስም ያወጣል እንዴ? እነሱስ እናቴ ናቸው? ስንዱን መልሺልኝ።»

«እሱ ስም አልነበረም» አልኳት። «ማታለያ ነበር።»

«ሠራልሽ አይደል? ይኸው አለሁ።»

ያን ጊዜ ከአየር ማረፊያው ጀምሮ ሆዴ ውስጥ የነበረው ወጣ። «እኔ ነኝ ወይ ያደረግኩት? ያኔ ቀሚስ በማልበሴ ነው?»

«እማዬ ሙች! የሰፈራችን ግማሽ ወንድ ቀሚስ ለብሶ አይደል ያደገው? የጋሼ ታደሰም ጆሮ የተበሳ ነው። ሰውዬው ሻለቃ ሆነ።»

እውነቷን ነው፤ ቀዳዳውን ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ልታስቀኝ ፈልጋ ነበር፤ እኔ ግን አልሳቅኩላትም።

«ስንዱ ካልሆነ ሌላ አውጪልኝ» አለች ቀስ ብላ። «ሴት ብወለድ ምን ልትዪኝ ነበር?»

ስንዱ ልላት ነበር። ለማታለያ ያወጣሁት ስም አልነበረም፤ ገና በሆዴ ሳለች ያሰብኩት ነው። ይህን አልነገርኳትም። ተነሥቼ ያልቆሸሸውን ብርጭቆ አጠብኩ። ስለ ስም ደግማ አላነሣችብኝም፤ የስም ማስለወጫው ወረቀትም ሳይሞላ ጠረጴዛው ላይ ቆየ።

በዚያው ወር እትዬ ሙሉ የምትባል የቤተ ክርስቲያን ሰው የልጅ ልጇ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሥታ ቤቷ ጠራችኝ። ታላቅ ነዎት፣ መቅረት የለብዎትም አለችኝ። ልጄ መኪናዋን ፓርክ አድርጋ የምስር ወጡን ድስት ተሸክማልኝ እስከ ኩሽናው ገባች። ሴቶቹ ወሬያቸውን አቆሙ።

«ይቺስ ማናት?» አለች እትዬ ሙሉ።

«ሬንት የምትጋራን ልጅ ናት» አልኩ።

አፌ ነው ያለው፤ ግን የኔ አፍ ነው። ልጄ ድስቱን ቀስ አድርጋ ምድጃው ላይ አስቀመጠች። ወደ እኔ ዞራ ዝቅ አለችና «መኪናው ውስጥ እጠብቅዎታለሁ፣ እትዬ» አለችኝ።

ከተወለደች ጀምሮ አንቱ ብላኝ አታውቅም።

አስቀመጡኝ፣ ምግብ አቀረቡልኝ። «ወንድ ልጅ አለዎት ይባላል፣ ምነው አናየውም?» አሉኝ። ሥራ ይበዛበታል አልኩ። «የሚዳር ከሆነ እዚህ ቆነጃጅት ሞልተዋል!» ብላ አንዷ አሳቀቻቸው። ከመስኮቱ አሻግሬ መኪናውን አየሁ። ሞተሩን አጥፍታዋለች፤ ቤንዚን ትቆጥባለች። የጠዋቱ ሞቃት ነፋስ ቆሞ እንደገና በረዶ መጣል ጀምሯል።

የሕፃኗ እናት ሳራ ልጇን አምጥታ ጭኔ ላይ አደረገችልኝ። እዚሁ ያደገች ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ይሰበራል።

«እትዬ፣ ዩ ኖው፣ ሆስፒታሉ ስም ካልሰጣችሁ አለን፣ ሶ ጄሲካ አልናት። ግን አያቷ ተናደደች።»

«ጄሲካ ይባላል እንዴ?» አለች እትዬ ሙሉ። «እኔ ጥርስ የለኝ፣ በምኔ ልጥራት? እርስዎ ታላቃችን ነዎት፤ ደህና የሐበሻ ስም ያውጡልን። መቼም ለሴት ልጅ ያሰቡት ስም አያጡም።»

ሁሉም ጠበቁኝ። ሕፃኗ ጣቴን ይዛለች። አንድ ስም ብቻ መጣልኝ።

«አንድ አለ» አልኩ። «ግን ተይዟል።»

«የማን ነው?»

«የልጄ። ቅድም ድስቱን ያስገባችው። ስንዱ ትባላለች።»

ሕፃኗን ለእናቷ መለስኩ፣ ነጠላዬን አጣፋሁ፣ ጫማዬን ከበሩ ሥር ፈልጌ ወጣሁ።