ሞዴል ስንት?

ባለፈው ሚያዝያ ከዝናብ በኋላ በፒዮሪያ ስትሪት ስንነዳ፣ ከኋላ የተቀመጠው ልጄ በዛፎቹ መሃል የሚያብረቀርቅ ነገር አይቶ፣ «ማሚ፣ እዚህ ስር ሪቨር አለ እንዴ?» አለኝ። አለ አልኩት። በመኪና ለሚያልፍ ሰው የተሻገርነው ድልድይ ድልድይ አይመስልም፤ መንገዱ ዝም ብሎ ይቀጥላል። እኔም ተማሪ ሳለሁ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳላስተውለው ተመላልሼበታለሁ። ይኸው ድልድይ ከትምህርቴም ሊያስወጣኝ ነበር።

ያኔ ሃያ አምስት ዓመቴ ነው። የማስተርስ ሥራዬ ወንዞችና ገባሮቻቸው መሬቱን እየሸረሸሩ እንዴት መልክ እንደሚሰጡት በኮምፒውተር ሞዴል ማሳየት ነበር። ከአየር ላይ የተለካ የከፍታ ካርታ እወስድና ዝናብ አዘንብበታለሁ፤ ውሃው ቁልቁለት ፈልጎ አፈር ይዞ ይወርዳል። የኔ ውሃ ግን ፒዮሪያ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ሐይቅ ይሠራል፣ አፈሩንም እዚያው ይከምራል። ሦስት ሳምንት ኮዱን ብፈትሽ ስህተት አጣሁ። አስተማሪዬ እስከ ሐሙስ ካልተስተካከለ ቦታዬን ለሌላ ተማሪ እንደምትሰጥ በትሕትና ነገረችኝ። ትሕትናዋ ይበልጥ አናደደኝ።

የምኖረው እዚያው አቅራቢያ፣ ጋሼ ይልማ ባከራዩኝ ክፍል ነበር። ጋሼ አዲስ አበባ ሳሉ የአንድ መሥሪያ ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ፤ እዚህ ሰው አገር መኪና ማቆሚያ ይጠብቁ ነበር። ማክሰኞ ምሳ ላይ ምስር ወጡ ፊቴ ሲቀዘቅዝ አይተው ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ሞዴሌ አልሠራ አለኝ አልኳቸው።

«ሞዴል ስንት?» አሉ፣ ከምራቸው።

ለእሳቸው ሞዴል ማለት ቅጽ ነው፤ ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22። ሳቄን ዋጥ አድርጌ የኔው ሌላ መሆኑን፣ ውሃው ገብቶ አልወጣ እንዳለ አስረዳኋቸው። እንጀራቸውን እንደጠቀለሉ ትንሽ አሰቡ።

«ገብቶ ካልወጣ በሩ ተዘግቷል» አሉ። «ወረቀቱን ተይውና ግምጃ ቤቱን ሄደሽ እዪው።»

ውሃዬ ወደሚቆምበት ወደ ፒዮሪያ አብረን ሄድን። ቁልቁል ወርደን ስናይ፣ ቡናማው ውሃ በድልድዩ ሥር ተዝናንቶ ያልፋል። ከአየር የለካው መሣሪያ ያየው አስፋልቱን ብቻ ስለነበር፣ ሞዴሌ ድልድዩን እንደ ግድብ ቆጥሮታል። የዚያኑ ቀን ድልድዩን ከካርታው ላይ ቆርጬ አወጣሁት፤ ውሃውም መንገዱን ቀጠለ።

ሐሙስ ሥራዬን ለመምህራኑ ሳሳይ አስተማሪዬ እንዴት እንደደረስኩበት ጠየቀችኝ። «ሄጄ አየሁት» አልኳት። እዚያ ሁሉ ምሁር ፊት መኪና ማቆሚያ የሚጠብቁ ሽማግሌ ነገሩኝ ማለት አፍሬ ነው። ውሸት አልተናገርኩም ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ ወንዝ የማያሻግር ሰበብ። ጽሑፌ ሲጠረዝም የምስጋናው ገጽ ላይ ስማቸውን አላስገባሁም። ጋሼ ሲያርፉ ለቅሶ ሄጄ፣ የሰጠኋቸውን ቅጂ በላስቲክ ተሸፍኖ መደርደሪያቸው ላይ አየሁት።

«ሪቨሩ እንዳለ ማን ነገረሽ?» አለኝ ልጄ።

መኪናውን ፓርክ አደረግኩ። «ጋሼ ይልማ» አልኩት። ስማቸውን በዚህ ጉዳይ ጮክ ብዬ ስጠራ የመጀመሪያዬ ነበር። በእሳቸው ግምጃ ቤት፣ ሞዴል 22 ሳይፈረምበት የወጣ ዕቃ የተሰረቀ ዕቃ ነው።