ፊቷ ሲሞላ ክንዷ ሲያልቅ

ልጄን ከአዲስ አበባ ሆስፒታል ወደ አሰላ ይዣት ስመለስ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። የሳንባ ነቀርሳ በሽታ አከርካሪዋ ውስጥ ገብቶ ከወገቧ በታች አልታዘዝ ብሏት ነበር። መድኃኒቱ ነፍሷን አተረፈልኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን አጥንቷ ብቻ ነበር የቀረው። አባቷ ወደ ሰሜን ዘምቶ ስለነበር ቤት ውስጥ የቀረነው እኔና እሷ ብቻ ነበርን።

የማውቀውን አደረግሁ። እኛ አገር የከሳ ሰው ጩኮ ይበላል፤ የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤ ርሶ ማለት ነው። ጠዋትም ማታም አጎርሳታለሁ። ጋቢ ደርቤላት መስኮቱ ሥር አስቀምጣታለሁ። እንዳትደክም ብዬ የውኃ ብርጭቆ እንኳ ራሷ እንድታነሳ አልፈቅድም።

«እማ፣ ለፋሲካ ነው የምታደልቢኝ?»

«ዝም ብለሽ ጉረሺ።»

በጥቂት ወራት ፊቷ ሞላ። ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ «ተመስገን፣ ወፈረች» ይለኛል። ደስ አለኝ። ነገር ግን ከአልጋ ወደ ወንበር ሳሻግራት ከቀን ወደ ቀን እየከበደችኝ ሄደች። በፊት አንገቴን አጥብቃ ይዛ ታግዘኝ ነበር፤ አሁን እጇ ይንሸራተታል። አንድ ጠዋት አብረን ወደቅን። እሷ ወለሉ ላይ ሆና ሳቀች። እኔ ግን ፈራሁ። ብሞት ማን ያነሳታል?

ከጤና ጣቢያው ድሬሰሩን፣ የጤና ረዳቱን፣ ለምኜ አመጣሁት። የልብስ ሰፊ ሜትር ከኪሱ አውጥቶ ክንዷን ለካ፤ ሆዷንም ዳሰሰ።

«እናቴ፣ ምንድን ነው የሚያበሏት?»

ነገርኩት።

«የጨመረችው ስብ ነው። ጡንቻዋ እያለቀ ነው። እግሯ ላይመለስ ይችላል። ክንዷን ግን እርስዎ ነዎት ያደከሙት።»

ቅቤውን እንድተው፣ እንቁላልና ወተት፣ ባቄላና ምስር እንድሰጣት፣ እሷም ቀን በቀን በክንዷ ተደግፋ ራሷን ከወንበሩ ብድግ እንድታደርግ አዘዘ።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። ስለ እንቁላሉ ስነግራት ልጄ ፊቷን አዞረች።

«እግሬ አንሶኝ ነፍሴም ትሰናከል?»

የእኔም ሐሳብ ያው ነበር። ስለዚህ በባቄላ ብቻ አስጾምኳት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ድሬሰሩ መጥቶ ለካት። ክንዷ ይበልጥ ቀጥኗል። ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና ወጣ።

ነጠላዬን ለብሼ ወደ ንስሐ አባታችን ሮጥኩ።

«ስንት ቀን አስጾምሻት?» አሉኝ።

«ሁለት ሳምንት፣ አባቴ።»

«ሳትጠይቂኝ?»

«ይፍቱኝ፣ አባቴ።»

«የታመመ ሰው ጾም የለበትም። ሂጂና አብያት። አንቺ የራስሽን ጹሚ።»

ቤት ገብቼ እንቁላሉን ላጥኩላት። አሁን የምፈራው ኃጢአቱን አልነበረም፤ መዘግየቴን ነበር። አባታችን ያሉትን ስነግራት በላች።

የከበደኝ ግን ማብላቱ አልነበረም፤ አለመርዳቱ ነበር። ክንዷ እየተርገፈገፈ ራሷን ስትገፋ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ እቆማለሁ። አንዳንዴ ግድግዳውን እያየሁ አቡነ ዘበሰማያት እላለሁ።

«እማ፣ ጸሎቱን ቀስ በዪ፤ አስቸኮልሽኝ» ትላለች።

ክረምቱ ሲገባ ቀበሌ ለስብሰባ ጠራኝ፤ መቅረት አይቻልም። አልጋዋ ላይ ትቻት ሄድኩ። የሚባለውን አንዱንም አልሰማሁ፤ ወድቃ ይታየኛል። ስመለስ በሩን ለመክፈት ፈራሁ።

ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች።

«ማን አነሳሽ?»

«ማን አለ?»

«እስቲ ተመለሺ» አልኳት።

ክንዷን አልጋው ጠርዝ ላይ ተከለች፤ ጥርሷን ነክሳ ተሻገረች። አልነካኋትም።

እግሯ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሞትን የምፈራው እንደማንኛውም ሰው ለራሴ ብቻ ነው። ስሙ የተመሰገነ ይሁን።