አንዱ ገመድና አርባዎቹ

ኮተቤ ላይ መጽሐፍ ተከራይቶ ያነበበ ሰው ሶሬቲ በዳዳን አያጣትም። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በፎቶ ኮፒ ቤትና በጫማ ሰፊ መካከል የተሸጎጠች የቆርቆሮ ሱቅ አለቻት። ሱቋ ከተከፈተች ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው። ያኔ በተማሪነታቸው ከእሷ ይከራዩ የነበሩ ዛሬ ልጆቻቸውን ይልካሉ።

ሱቋ አንድ ደንብ አላት። አንባቢ መጽሐፉን ከመመለሱ በፊት የመጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ የተሰማውን በእርሳስ ይጽፋል። «ልጅቷ ስትሞት እራቴን አልበላሁም» የሚል አለ። «እስከ ገጽ መቶ ሃያ ድረስ ታገሱ» የሚል አለ፤ ከሥሩ ሌላው «ታገስኩ፤ ምንም የለም» ብሎ ይመልስለታል። ተማሪው መጽሐፍ ሲያነሳ መጀመሪያ የሚገልጠው ይህንኑ ገጽ ነው። የተሰደበ ደራሲ ተቆጥቶ ይጥፋልኝ ብሎ የመጣበት ጊዜም ነበር። መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «እኔ ቤት እርሳስ እንጂ ላጲስ የለም።»

የዓመቱ ምርጥ መጽሐፍ ሽልማት አዘጋጆች ይህን ሰምተው ነው ወደ እሷ የመጡት። ሦስት መጻሕፍት ታጭተዋል። የአንባቢ አስተያየት ከዳኞቹ ነጥብ ጋር ይደመራል፤ በሽልማቱ ቀንም መድረክ ላይ ይነበባል። አንድ ባዶ ካርቶንና አንድ እስር የአስተያየት ወረቀት ትተውላት ሄዱ። ከሦስቱ እጩዎች አንዱ በርናባስ ነበር።

በርናባስን ታውቀዋለች። የመምህርነት ተማሪ ሳለ ከሰዓት በኋላውን እሷ ሱቅ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር የሚያሳልፈው። እሷ ደግሞ ጨዋታ ትወዳለች። አንድ ዝናባማ ቀን ለማንም ያልነገረችውን የአባቷን ነገር ነገረችው።

አባቷ በዳዳ የእንጦጦ ደን ጠባቂ ነበሩ። እንጨት የሚለቅሙ ሴቶች እንዳሉ ካወቁ፣ መታጠፊያው ጋ ሳይደርሱ ጮክ ብለው ይስላሉ። ሴቶቹ ሳሉን ሲሰሙ ይበተናሉ፤ እሳቸውም ያላየ ሰው ሆነው ያልፋሉ። አንድ ቀን ግን አለቃቸው አብሯቸው ወጣና አንዲት ልጅ እግር እጅ ከፍንጅ ተያዘች። ገመዷን ነጠቋት። በኋላ ሊመልሱላት ቢፈልጓት አጧት፤ ስሟን እንኳ አያውቁም። ሊሞቱ ሲሉ ያችን የቃጫ ገመድ ከአልጋቸው ሥር አስወጥተው ለሶሬቲ ሰጧት። «ባለቤቷን ካገኘሽ» አሏት፤ ሌላ አልጨመሩም።

በርናባስ ሰምቶ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ከዓመታት በኋላ መጽሐፉ ሲወጣ ሶሬቲ በአንድ ከሰዓት አነበበችው። ደን ጠባቂው በግራ እግሩ ያነክሳል፤ እንደ አባቷ። መታጠፊያው ጋ ይስላል፤ እንደ አባቷ። ግን ሴቶቹን አድፍጦ ይይዛል፣ ጉቦ ይቀበላል፣ መክፈል ያቃታትን ገመዷን ቀምቶ ጎጆው ግድግዳ ላይ ይሰቅላል። አርባ ገመድ። አንባቢ ሁሉ ያበደው በዚያ ግድግዳ ነው።

ሾላ ገበያ በርበሬ ልትገዛ ስትሄድ የጥንት ደንበኛዋ ሣህሌ እየመዘነላት፣ «ስሚ፣ የገመዱ ሰውዬ ያንቺ አባት ናቸው የሚባለው እውነት ነው?» አላት። ክፋት አልነበረውም። ሶሬቲ ግን በርበሬውን ሳትይዝ ወጣች።

በካርቶኑ ውስጥ አስተያየቱ እየሞላ ሄደ። «የገመዱን ግድግዳ ሳነብ አለቀስኩ።» «ይህን አውሬ ባገኘው!» ሶሬቲ አንድ ቀን ክብሪት አንስታ ነበር። ከዚያ ተወችው። ማቃጠል ለበርናባስ ማረፊያ ነው፤ ማንም ሳያውቅ ያልፍለታል። እሷ የምትፈልገው መድረክ ላይ፣ ሚስቱና አሳታሚው ባሉበት፣ ወንበሩ እንዲቆረቁረው ነው።

እሑድ መጽሐፉን በቦርሳዋ ይዛ ወደ እንጦጦ መውጫ ሄደች። እዚያ በወጣትነታቸው እንጨት ተሸካሚ የነበሩ ሦስት ጎረቤታሞች አሉ፤ እትዬ ጸጋ፣ እትዬ ጂቱና እማማ ቢፍቱ። አንዳቸውም ማንበብ አይችሉም። ከግንቡ ሥር ፀሐይ እየሞቁ፣ እሷ እያነበበች በኦሮምኛም እየተረጎመችላቸው ሦስት እሑድ ሰሟት።

«ምን? በራሳችን ላይ ነው የተሸከምነው ይላል?» አለች ጂቱ። «እንጨት በጀርባ እንጂ በራስ የተሸከመ ማን አለ? ይሄ ልጅ በፎቶ እንኳ አላየንም እንዴ?»

«አርባ ገመድ አለ እኮ» አለች ጸጋ እየሳቀች። «እኔና እህቴ አንዲት ገመድ ነበር የምንፈራረቀው። ይህን ሁሉ ከየት አምጥቶ ሰቀለው? ሾላ ወርዶ ገዝቶ ይሆናላ።»

ሶሬቲ የተናገሩትን ቃል በቃል የአስተያየት ወረቀቱ ላይ እየጻፈች በአውራ ጣታቸው አስፈረመቻቸው። ደስታዋ ፊቷ ላይ ያስታውቅ ነበር። የእማማ ቢፍቱ ቃል ብቻ ቀረ። በሦስተኛው እሑድ፣ መጽሐፉ ሲያልቅ፣

«ያ የሚያነክሰው ጠባቂ የኔን ገመድ ወስዷል» አሉ።

የሶሬቲ እርሳስ ቆመ። አባቷ ፈልገው ያጧት ልጅ እግር እኒህ ናቸው። ይህ ከተጻፈ በርናባስ መድረክ ላይ «ይኸው፣ ምስክር» ሊል ነው።

«ምነው ቆምሽ? ላጲስ የለኝም ትያለሽ አሉ። ጻፊ እንጂ» አሉ ቢፍቱ። «አንድ ቀን ገመዴን ወስዶብኛል። አለቃው አብሮት ነበር። እያለቀስኩ ወረድኩ፤ እናቴ ገረፈችኝ። እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። ግን አንድ ቀን ነው። ሳንቲም አልጠየቀኝም። ከዚያ በፊትም በኋላም ሳሉን ሰምቼ፣ ፊቴን ሳያይ ነው ያመለጥኩት። መጽሐፉ ዋሽቷል። ጻፍሽው?»

ሶሬቲ ጻፈችው። ይቅር አላልኩትም የሚለውንም አልዘለለችም። በቀጣዩ ቅዳሜ ተመልሳ ያችን የቃጫ ገመድ ወሰደችላቸው። ቢፍቱ ጫፏ ላይ ያለውን ቋጠሮ ዳበስ አድርገው የራሳቸው እጅ ሥራ መሆኑን አወቁ። ገመዷን ጥቂት አቀፉና ለሶሬቲ መለሱላት።

«በዚህ ወገቤ ምን ልሸከምባት? ካርቶንሽን እሰሪባት።»

አዘጋጆቹ ካርቶኑን ሊወስዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው በርናባስ ሱቁ በር ላይ ቆመ። ወሬው ደርሶታል።

«እትዬ ሶሬቲ፣ እነዚያን የባልቴቶቹን ወረቀቶች ያውጡልኝ። ልብ ወለድ እኮ ነው።»

«የአባቴ ሳልስ ልብ ወለድ ነው? እግሩስ?»

«አንድ ገመድ ለመጽሐፍ ያንሳል።»

«ለእማማ ቢፍቱ አላነሰቻቸውም፤ ተገርፈውባታል።»

በርናባስ ዓይኑ ካርቶኑ ላይ አረፈ። የታሰረበትን ገመድ ሲያይ ድሮ የሚወዳት በርጩማ ላይ ቁጭ አለ። ሶሬቲ ከመደርደሪያው የሱን መጽሐፍ አወጣች፤ የመጨረሻውን ገጽ ገልጣ እርሳስ አቀበለችው።

«ከእኔ የሰማኸውን ጻፍ።»

ካርቶኑን አየት፣ እሷን አየት አደረገና ጻፈ። «ደን ጠባቂው የወሰደው ገመድ አንድ እንደሆነ ከሴት ልጁ አፍ ሰምቻለሁ። ሠላሳ ዘጠኙን የጨመርኩት እኔ ነኝ። በርናባስ።» ፈረመበትም።

«አሁን ያወጡልኛል?»

«ጻፍ አልኩህ እንጂ አወጣለሁ የሚል መች ከአፌ ወጣ?»

ሊነጥቃት እጁን ሰደደ፤ መጽሐፉ ግን በዚያው ቅጽበት ሌላ እጅ ላይ ነበር። ሶሬቲ በትከሻው አሻግራ፣ ከውጭ ወረፋ ለምትጠብቅ ተማሪ አቀብላታለች። ልጅቷም እንደ ኮተቤ ልጅ ከመጨረሻው ገጽ ጀመረች። አነበበች፤ ቀና ብላ የሰውየውን ፊት ከጀርባው ሽፋን ፎቶ ጋር አስተያየች።

«መቼ ልመልሰው?» አለች።

«ቶሎ» አለች ሶሬቲ። «ከሽልማቱ በፊት ብዙ ሰው ይደርሰው።»